ሳተርን ከተዘጋ በኋላ አሥር ዓመት ነዳኋት፤ ማንም ያልነገረኝ ነገር

ሳተርን የምትባለው የጄኔራል ሞተርስ መኪና ያላችሁ፣ ወይም በርካሽ አግኝታችሁ ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ፣ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱና የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዛችሁ እዩ። ይህን አንድ ሰው በጊዜው ነግሮኝ ቢሆን ከ1,000 ዶላር በላይና አንድ ሙሉ የፀደይ ወቅት ባልከሰርኩ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

መኪናዋን የገዛሁት በመስከረም 2009 አጋማሽ ነው። በዲቪ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ የምኖረው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ የማታው ፈረቃ ሲያልቅ ባቡር የለም። ያገኘኋት የ1998 ሞዴል ሳተርን ኤስኤል2 ነበረች፣ 112,000 ማይል የሄደች፣ በ1,700 ዶላር። የአጎቴ ልጅ «ቶዮታ እስክታገኝ በእግርህ ሂድ፤ ይቺን ነገ ማን ይገዛሃል?» ብሎ ተቆጣኝ። አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች መኪና ስንገዛ ከሁሉ በፊት የምናሰላው ስትሸጥ ምን ታወጣለች የሚለውን ነው። እኔን ግን የገዛኝ የሻጯ አነጋገር ነው። ጡረታ የወጡ አሜሪካዊት ሲሆኑ መኪናዋን ከአዲስ ጀምሮ የነዱት እሳቸው ናቸው። ሲረከቧት የመሸጫው ሠራተኞች ሁሉ ሥራቸውን ትተው ወጥተው እንዳጨበጨቡላቸው፣ ፎቶ እንዳነሷቸው፣ ዋጋው የተለጠፈው ስለሆነ እንዳልተከራከሩ ነገሩኝ። ሲያወሩ ዓይናቸው እንባ ያቀርር ነበር። ሰው ስለ አሮጌ መኪና እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም።

በኋላ እንደገባኝ፣ ይህ የእሳቸው ብቻ አልነበረም። ጄኔራል ሞተርስ ሳተርንን በጥር 1985 ሲያቋቁም፣ በሊቀ መንበሩ በሮጀር ስሚዝ ዘመን፣ ዓላማው ወደ ጃፓን ትናንሽ መኪኖች የኮበለለውን ገዢ መመለስ ነበር። ፋብሪካው ከዲትሮይት ርቆ ቴነሲ ውስጥ ስፕሪንግ ሂል በምትባል ከተማ ተተከለ፤ የመጀመሪያዋ መኪና የወጣችው ሐምሌ 30 ቀን 1990 ነው። ሠራተኛው ከሌሎቹ ፋብሪካዎች የተለየ ውል ነበረው፤ በሥራው ላይ ድምፅ ይሰጥ ነበር። በሮቹና የጎማ ክፈፎቹ ከላሜራ ሳይሆን ከፕላስቲክ የተሠሩ ስለሆኑ የሱፐርማርኬት ጋሪ ቢመታቸው አይሰረጎዱም፣ ክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨውም አያዝጋቸውም። በ1991 የተበላሸ የራዲያተር ፈሳሽ የተሞላባቸው መኪኖች ሲገኙ 1,836ቱን ሳይጠግኑ በሙሉ በአዲስ ለወጧቸው። በ1994 ደግሞ ከ40,000 በላይ ባለ ሳተርኖች እንደ ንግሥ በዓል ስፕሪንግ ሂል ድረስ ተጓዙ። ይህን ሁሉ ሰው አሰባስቦ፣ የኔን መኪና ዓይነት ከመሠረቱ ሳይለውጥ ከ1991 እስከ 2002 ሞዴል ድረስ ማቆየት ምን ዓይነት አስተዳደር እንደሆነ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ደንበኛው ቤተሰቡ ሲያድግ የሚሸጋገርበት ትልቅ ሳተርን አጥቶ ወደ ሌላ ሄደ። ስሙን የገደለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በ2007 ስፕሪንግ ሂል ሳተርን መሥራት አቆመ።

እኔ በገዛሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ መስከረም 30 ቀን 2009፣ አሜሪካዊው የመኪና ነጋዴ ሮጀር ፔንስኪ ሳተርንን ሊገዛ የጀመረው ድርድር ፈረሰ፤ መኪናውን እንዲሠራለት የተጠየቀው የፈረንሳዩ ሬኖ እንቢ ስላለ ነው። ስሙ እንደሚዘጋ የዚያኑ ቀን ታወቀ። የአጎቴ ልጅ ስልክ ደውሎ «አላልኩህም?» አለኝ።

መለዋወጫ ይጠፋል ብላችሁ ግን አትፍሩ። አልጠፋም። የአሮጌ መኪና መፍቻ ግቢዎች በሳተርን የተሞሉ ነበሩ፣ ፕላስቲኩ ክፈፍ በብሎን ስለሚታሰር በግማሽ ሰዓት ይፈታል። የግራ የፊት ክፈፏ ሲሰበር አረንጓዴ በ35 ዶላር ገዝቼ በነጯ መኪና ላይ ገጠምኩ፤ ሁለቱን ቀለም ይዛ ነው እስከ መጨረሻው የሄደችው። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ እየሠራ ሳለ መሪው ከተንቀጠቀጠ የላይኛውን የሞተር መያዣ ጎማ ቀይሩ፤ ርካሽ ነው፣ ሥራውም ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አውቶማቲክ ካምቢዮው እንደ ሞተር ዘይት ፊልትሮ እየተጠመዘዘ የሚወጣ ፊልትሮ አለው፤ ዘይቱንና ፊልትሮውን አብራችሁ ቀይሩ። ስም ማዛወርና ኢንሹራንስ በአንድ ቀን አለቀ።

ያጎሳቆለኝ የጭስ ምርመራው ነው።

በየካቲት 2012 ክሩስኮቱ ላይ ቼክ ኢንጅን መብራት በራ። የምርመራዬ ጊዜ ሚያዝያ ነበር፤ ያን ጊዜ እዚህ በየሁለት ዓመቱ ነበር፣ ካላለፋችሁ አገራችን ቦሎ እንደተከለከለ መኪና ማለት ነው። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። የአገሬ ልጅ ስለሆነ አምኜው ነው። ኮምፒውተሩን ሰካ፣ ፒ 0420 የሚል ኮድ አነበበ፣ «ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ሞቷል» አለኝ፤ ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚያጣራው ክፍል ነው። 780 ዶላር ከፍዬ አስቀየርኩ። ኮዱን ሰርዞ፣ መብራቱን አጥፍቶ ሰጠኝ። ምን ገደለው ብሎ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ኮንቨርተር ዝም ብሎ አይሞትም፤ ወይ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወይ ዘይት እየደረሰው ነው የሚሞተው። የኔዋ ሁለቱንም ታበላው ነበር።

በማግስቱ ምርመራ ጣቢያ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ተሰለፍኩ። ሠራተኛዋ ገመዱን ሰክታ ወረቀት አውጥታ «ዝግጁ አይደለም፤ እንደ ወትሮህ ንዳትና ተመለስ» አለችኝ። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃት የሚቀጥለውን መኪና ጠራች።

ያን ጊዜ ያልተነገረኝን ልንገራችሁ። ከ1996 ሞዴል ወዲህ ያሉትን መኪኖች በአብዛኛው የሚመረምሩት ማርሚታው ላይ ጭስ በመለካት አይደለም፤ የመኪናውን ኮምፒውተር ነው የሚጠይቁት። ኮምፒውተሩ በጉዞ ላይ እያለ ኮንቨርተሩን፣ የኦክስጅን ሴንሰሩንና ሌሎቹን በየተራ ራሱ ይፈትሻል። ኮድ ሲሰረዝ ወይም ባትሪ ሲነቀል የፈተሸው ሁሉ ይጠፋና ከዜሮ ይጀምራል። የ1996 እስከ 2000 ሞዴል ከሆነ በአብዛኛው ሁለት ያላለቀ ፍተሻ ይፈቀዳል። የኔዋ ሦስት ነበራት። የትኞቹ እንደሆኑ ወረቀቱ ላይ ታትሟል! እኔ ግን «አላለፈም» የሚለውን ብቻ አንብቤ ኪሴ ከተትኩት።

ዘጠኝ ቀን ነዳሁ። ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን። 300 ማይል አለፍኩ። ተመለስኩ፤ አሁንም ሦስት። በዚህኛው ቀን ያገኘሁት ሰውዬ «እንደ ወትሮህ አልነዳህም ማለት ነው» አለኝ። የማታ ፈረቃ ሠርቼ ሳልተኛ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ደሜ ፈላ። ምን ላድርግ ስለው «እኔ መካኒክ አይደለሁም» አለ። ጋራዡ ስመለስ ደግሞ «ምርመራ ጣቢያው ነው የሚያውቀው» ተባልኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ቀነ ገደቡ አልፎ ነበር፤ የመዘግየት ቅጣት ከፈልኩ፣ ምዝገባውም ታገደ። ሦስት ቀን ያለ ደመወዝ ቀረሁ። ችግሩን የሚያውቀው መሥሪያ ቤት አንድ ገጽ ማብራሪያ አትሞ ቢሰጥ ምን ይጎድልበት ነበር? ሰው በማያውቀው ነገር እየተቀጣ ሦስቴ ሲመላለስ ዝም ብሎ ማየት ግፍ ነው።

ያዳነኝ አብሮኝ የሚሠራ ሽማግሌ ነው፤ ጋሼ እለዋለሁ። በአገር ቤት የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና ለዓመታት የተመላለሰ ሰው ነው። ፈረቃ ስንቀያየር መኪናዋ አጠገብ ቆመና «ቤንዚን ትሸታለች፣ ልጄ። በጋሎን ስንት ትሄዳለች?» አለኝ። ቆጥሬ አላውቅም ነበር። አብረን አሰላን፤ 22 ማይል። እንደገዛኋት ሰሞን 31 ትሄድ ነበር። ካንዴላዎቹን አወጣ፤ ጥላሸት ለብሰዋል። ከዚያ የውሃውን ሙቀት ለኮምፒውተሩ የሚናገረውን ሴንሰር ሶኬት ነቀለ። ውስጡ አረንጓዴ ዝገት፣ የራዲያተር ፈሳሽ ያዘለ።

ነገሩ ይህ ነው፦ በነዚያ ዓመታት ሳተርኖች ላይ የሴንሰሩ ጫፍ ፕላስቲክ ነበር። ይሰነጠቅና ፈሳሹ ወደ ሶኬቱ ያልፋል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ የሆነ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ቤንዚን ያበዛል። ቤንዚኑ ኮንቨርተሩን ያቃጥላል፣ ዘይቱንም ያቀጥናል። ኮንቨርተሩን የሚፈትሸው ደግሞ ሞተሩ ሲሞቅ ስለሆነ፣ ያልሞቀ በመሰለው ሞተር ላይ ፍተሻውን አይጀምርም። እኔ እስከ ካሊፎርኒያ ብነዳም «ዝግጁ» አትሆንም ነበር። የነሐስ ጫፍ ያለው አዲስ ሴንሰር 14 ዶላር ነው። ሶኬቱንም አብራችሁ ቀይሩ፤ የዛገው ላይ አዲስ ሴንሰር መሰካት ድካም ነው።

ከዚያ በኋላ «እንደ ወትሮህ ንዳ» የሚለውን ምክር ተውኩት፤ እናንተም ተዉት። ነዳጁ ግማሽ ታንክ ሲሆን፣ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ፣ ማለዳ ላይ አስነስቼ ሦስት ደቂቃ ቆሜ አቆየኋት። ከዚያ አውራ ጎዳናው ላይ በ55 ማይል ፍጥነት ሳላወዛውዝ ሩብ ሰዓት ሄድኩ፣ ፍሬን ሳልነካ እግሬን ከነዳጅ አንስቼ እስክትዝግም ለቀቅኳት፣ ደግሞ ደገምኩት። በ25 ዶላር በገዛኋት ኮድ ማንበቢያ አየሁ፤ በሁለተኛው ቀን ሁሉም አልቀዋል። ያቺን ማንበቢያ በመጀመሪያ ገዝቼ ቢሆን ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ። ሴንሰሩን በቀየርኩ በአራተኛው ቀን አለፍኩ።

ዘይቱ ግን ቀርቶኝ ነበር። ጋሼ ዘንጉን መዝዞ ሲያሳየኝ ጫፉን እንኳ አልነካም። አራት ኳርት (አንዱ ኳርት ከሊትር ትንሽ ያንሳል) ከሚይዘው ሞተር ሁለት ያህሉ ጎድሎ ነበር። ዘይት የምቀይርበትን ማይል እቆጥራለሁ እንጂ በመሃል አይቼ አላውቅም። የዚህ ሞተር ፒስተኖች ዘይት የሚመልሱባቸው ቀዳዳዎች አነስተኛ ናቸው፤ በካርቦን ሲደፈኑ የዘይት ሪንጎቹ ይጣበቃሉ፣ ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። የኔዋ በ600 ማይል አንድ ኳርት ትበላ ነበር። ባለ ጋራዡ «በ2,000 ማይል አንድ ኳርት ጤነኛ ነው» ያለኝን ይዤ ተዘናግቻለሁ። ለአምራች ጤነኛ ይሁን፤ አራት ኳርት ለሚይዝ ሞተርና ዘንጉን ለማያይ ሰው ግን ሞት ነው። ካንዴላዎቹን አውጥተን በየቀዳዳው የካርቦን ማሟሟቻ ጨምረን ሁለት ሌሊት አሳደርነው፣ ዘይቱን ደፍተን አዲስ ሞላን። 1,300 ማይል በኳርት ደረሰች። ከዚያ በኋላ ነዳጅ በሞላሁ ቁጥር ዘይት አያለሁ፤ አንድ ቀን አላለፍኩም።

ሳተርን ልትገዙ ከሆነ እንደኔዋ ያለውን ኤስ ተከታታዩን ግዙ፣ አዮን የሚባለውን የሳተርን ሞዴል አይደለም። ከ2003 እስከ 2007 ሞዴል ያሉት አዮኖች በ2014 በተጠሩት 2.6 ሚሊዮን የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ውስጥ ናቸው። የቁልፍ ማስነሻው በጉዞ ላይ ተንሸራቶ ሞተሩን ያጠፋ፣ ኤር ባጉም ሳይፈነዳ ይቀር ነበር፤ የካሳ ፈንዱ 124 ሞት ተቀብሏል። አዮን ያለው ዘመድ ካላችሁ ዛሬውኑ ደውሉና የቁልፍ ማስነሻው ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቁት። የሳተርን መሸጫ ባይኖርም ሼቭሮሌት የሚሸጡት ይህን በነፃ ይሠሩታል። ቩ የሚባለው ሌላው የሳተርን ሞዴል ደግሞ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ፣ ከ2004 እስከ 2007፣ የሆንዳ ሞተር ነው ያለው፤ ጥሩ ነው፣ የታይሚንግ ቀበቶውን ግን በጊዜው ቀይሩ።

የኔዋን በ2019 በ214,000 ማይል በ600 ዶላር ሸጥኳት። የአጎቴ ልጅ በነዚያ ዓመታት ሁለት ቶዮታ ቀይሯል።

በ2016 የእሱ ሠርግ ናሽቪል ነበር። አውሮፕላን ውሰድ ቢለኝም በሳተርኔ ሄድኩ፤ 670 ማይል ገደማ። ከሠርጉ በፊት በስተ ደቡብ ወደ ስፕሪንግ ሂል ወረድኩ። ፋብሪካው አለ፣ አሁን ካዲላክ ይሠራበታል፣ ሳተርን የሚል ጽሑፍ ግን አላየሁም። ከመንገዱ ማዶ አቆምኳትና ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ፣ የሠርግ ልብሴን እጅጌ ሰብስቤ ዘንጉን አወጣሁ። ከዋሽንግተን እዚያ ድረስ የጎደለው ግማሽ ኳርት ነው። ሞላሁና ኮፈኑን ዘጋሁ።