መጀመሪያ ተልባ

የትንሣኤ ሌሊት እናቴ ዶሮ ወጡን ከማቅረቧ በፊት ተልባ ታጠጣናለች። 55 ቀን ሥጋና ቅቤ ያልቀመሰ ሆድ ድንገት ሲጫንበት ምን እንደሚሆን ታውቃለቻ። እኔ ግን የልብና ሳንባ ማሽን ፊት ስቀመጥ ይሄን ረስቼው ነበር።

ፐርፊውዥኒስት ነኝ። ልብ ሲከፈት የታካሚውን ደም በማሽን የማዞረው እኔ ነኝ። የዚያን ቀን በሩማቲክ በሽታ የተበላሸ ሚትራል ቫልቭ፣ ማለትም በግራው የልብ ክፍል ያለ የደም በር፣ ይቀየር ነበር። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር፣ አኦርታው፣ በክላምፕ (በመቆንጠጫ) ተያዘ። ፖታሲየም ያለበትን፣ ልብን የሚያቆመውን ቀዝቃዛ ፈሳሽ (ካርዲዮፕሌጂያ) ላክሁ፤ ልቡ ቆመ። በየ20 ደቂቃው ደገምኩለት። እስከዚህ ሁሉም ሰላም ነው።

ጉዱ የመጣው ክላምፑ ሲነሳ ነው። ደም የጠማው ልብ ነው፣ ቶሎ ይድረሰው ብዬ ፍሰቱን ለቀቅሁት። ግፊቱ 85 ገባ። ልቡ በመምታት ፈንታ ይርገበገብ ጀመር። የግራው ክፍል ተወጠረ። ዶክተሩ በመዳፋቸው እንደደገፉት «ቀስ በል እንጂ! ምን አስቸኮለህ?» አሉኝ። በሦስተኛው የኤሌክትሪክ ሾክ ተመለሰ። ታካሚዋ ዳነች፤ ሁለት ቀን ግን ልብን ያለሚያበረታው አድሬናሊን አልሆነላትም። ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው ማለት ባይቻልም፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ልብ ደም ሲቋረጥበት ይጎዳል፤ ሲመለስለትም ይጎዳል። ድንገት የገባው ኦክስጅን ጎጂ ሞለኪውሎችን ይፈጥራል፣ ካልሲየም ሴሉን ያጥለቀልቀዋል። ዛሬ ክላምፑ ሊነሳ ሲል መጀመሪያ ሞቅ ያለ ደም እሰጠዋለሁ። ተልባዬ እሱ ነው። ከዚያ ፍሰቱን ቀነስ አድርጌ ግፊቱን ለጥቂት ደቂቃ 50 አካባቢ እይዛለሁ። ኦክስጅንም አላበዛም።

የብግነቱ ነገር ሌላ ጣጣ ነው። ደም የማሽኑን ፕላስቲክ ሲነካ ባዕድ አገኘሁ ብሎ ይቆጣል። መላው ብግነት የሚያበርደው ስቴሮይድ ይመስለኝ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የ7,507 ታካሚዎች ጥናት ግን ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ሞትን እንዳልቀነሰ አሳየ። ስለዚህ መቀስ አንስቼ ቱቦዬን አሳጥራለሁ። የሚያስፎክር ሥራ አይደለም፤ ግን ደሙ የሚነካው ፕላስቲክ ይቀንሳል። ከደረት የተጠባውንም ደም እንዳለ ወደ ማሽኑ አልመልሰውም።

ባለፈው ሳምንት ክላምፑ ሲነሳ ዶክተሩ ቀና ብለው አዩኝ።

«ተልባውን ጠጥቷል» አልኳቸው።

ያለ ሾክ፣ በራሱ መታ።