የቫይረስ ዘር ቆጠራ፦ ከወፍ ወደ ላም፣ ከላም ወደ ሰው

እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን አሜሪካ ውስጥ የወተት ላሞች ላይ መገኘቱ ሲነገር በጣም ደነገጥኩ። ዶሮና የዱር ወፍ የተለመደ ነው፤ ላም ግን ያልተጠበቀ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቴክሳስ ውስጥ ዓይኑ የቀላ የወተት እርባታ ሠራተኛ ሲመረመር ቫይረሱ ተገኘበት። ከላም ይሆን የያዘው? ቫይረሱስ ሰውን እየለመደ ነው? መልሱን በራሴ ዓይን ማየት ፈለግኩ።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የቫይረሱ ዘረመል ጂንባንክ በሚባለው ለሁሉም ክፍት የሆነ የዘረመል መረጃ ቋት ላይ በነፃ ይገኛል። ማፍት የሚባለው ፕሮግራም ናሙናዎቹን ጎን ለጎን ይደረድራል፤ አይኪው-ትሪ ደግሞ የዘር ሐረጋቸውን ዛፍ ይሠራል። ለዚህ ተራ ላፕቶፕ ይበቃል።

አድካሚው ሌላ ነው። መጀመሪያ ይፋ ከሆኑት ናሙናዎች ብዙዎቹ ላይ ቦታው «አሜሪካ»፣ ጊዜው «2024» ተብሎ ብቻ ነበር የተጻፈው። እንዲህ ያለ ናሙና በሽታው ከየት ወዴት እንደሄደ አይናገርም። ስለዚህ ቀኑና ግዛቱ የታወቀውን እየለየሁ ያዝኩ።

የኢንፍሉዌንዛ ዘረመል 8 ቁራጭ ነው። ሁለት ዓይነት ቫይረሶች አንድ ሴል ውስጥ ከተገናኙ ቁራጮቻቸውን ይቀያየራሉ። ስምንቱን ቀጣጥሎ አንድ ዛፍ ማውጣት አመጣጣቸው የተለያየውን የአንድ አባት ልጆች ያስመስላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ለየብቻ ዛፍ ሠራሁ።

ልቤን የሰቀለው ፒቢ2 ነው። ቫይረሱ ራሱን ከሚያባዛባቸው ፕሮቲኖች አንዱ ነው። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ የሚባሉ ቅንጣቶች ሰንሰለት ነው፤ የወፍ ቫይረሶች በዚህ ሰንሰለት 627ኛው ቦታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ግሉታሚክ አሲድ የሚባለው አላቸው፤ ምልክቱ «ኢ» ነው። ላይሲን በሚባለው ሌላ አሚኖ አሲድ፣ በ«ኬ»፣ ከተተካ ቫይረሱ አጥቢ እንስሳት ውስጥ በደንብ ይራባል። መስመሮቹን ወደ ታች ወረድኩ። ላም «ኢ»፣ ላም «ኢ»፣ ላም «ኢ»። ሠራተኛው ላይ ስደርስ «ኬ»።

ይህን ብቻ ያየ ሰው «በቃ፣ አለቀልን» ቢል አይፈረድበትም። ዛፉ ላይ ሲታይ ግን ያቺ «ኬ» ያለችው አንድ ጫፍ ላይ ነው። እሷን የወረሰ ዘር አላገኘሁም። እዚያው ሰውየው ሰውነት ውስጥ የተፈጠረች ልትሆን ትችላለች። የላሞቹ ቫይረሶች ግን 631ኛው ቦታ ላይ ሌላ ለውጥ አላቸው፤ ያ ለውጥ ያለው ግንዱ ላይ ነው። ከላም ወደ ላም ሲወራረስ የኖረው እሱ ነው። የሠራተኛው ቫይረስ ይህ ለውጥ የለውም፤ ከላሞቹ ዘመድ ሆኖ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው የቆመው። የያዘው ናሙና ካልተወሰደበት መንጋ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ የአንድ ሚውቴሽን፣ ማለትም የዘረመል ለውጥ፣ ዜና ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ዛፉ ላይ የት እንዳለ ነው፤ ጫፍ ላይ ነው ወይስ ግንድ ላይ? በ2025 መጀመሪያ ኔቫዳ ላሞች ላይ የተገኘው ዲ1.1 የተባለው ዘር ከቴክሳሱ አልመጣም፤ ከዱር ወፎች ለብቻው የገባ ነው። እሱም ፒቢ2 ላይ፣ 701ኛው ቦታ፣ ተለውጧል። ይሄኛው አንድ ሰው ላይ ሳይሆን ላሞቹ ላይ ነው የታየው። አሁን በቅርብ የምከታተለው እሱን ነው።