አልላጥ ያለው ጥቁር ላስቲክ

ደብረ ማርቆስ ላይ የመኪና ቀለም ለሚሠራ ሰው ሥራ የሚበዛው ክረምት ሲወጣ ነው። ጭረቱ፣ የጠጠር ምቱ፣ ፓራፋንጎ ሥር የተጋገረው ጭቃ፣ ሁሉም መስከረም ላይ ተግተልትሎ ይመጣል። ይቺ ነጭ ላንድክሩዘር ግን ክረምቱ ሳይገባ ነው የመጣችው። ቀለሟ ገና ምንም አልነካውም። ባለቤቷ ለአንድ ፕሮጀክት ሊያከራዩዋት ተዋውለዋል፤ በሮብ ገበያ አድርጋ ጮቄ ተራራ ልትወጣ፣ ሲያስፈልግ ደግሞ ደጀንን አልፋ በአባይ በረሃ ግራር መሀል ልትሹለከለክ ነው።

«ቀለሟ እንዳይጫር ይሄን እርጭልኝ» ብለው ካርቶን አስቀመጡልኝ። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ የላከላቸው የሚላጥ ስፕሬይ ነው፣ ጥቁር።

ለማያውቀው ሰው ልንገረው። ሲረጭ ፈሳሽ ነው፣ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚሳብ ሽፋን ይሆናል፣ ሲበቃህ ጠርዙን ይዘህ ትልጠዋለህ፤ ከሥሩ ያለው ቀለም እንደነበረ ይወጣል። ከዚህ ዓይነቱ በዓለም የታወቀው ፕላስቲ ዲፕ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ያለ የአሜሪካ ምርት ነው። መጀመሪያ ሰው የፒንሳና የመፍቻ እጀታ ይነክርበት ነበር፣ መኪና ላይ የወጣው ኋላ ነው።

ጣሳዎቹን አየሁና «ጋሼ፣ ይሄ ለመላ መኪናው አይበቃም። ኮፈኑን፣ የፊት መከላከያውንና የበሮቹን ታችኛውን ክፍል ብቻ በደንብ እናልብሰው» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ እሾህ ታች ብቻ ነው እንዴ ያለው? ሳሳ አድርገህ አዳርሰው።»

ተከራከርኩ፣ አልሰሙኝም። መኪናው የሳቸው ነው። ስንጀምር ከኮፈኑ ነበርና እሱ አምስት ዙር ደረሰው፣ በየመሀሉ ግማሽ ሰዓት እያደረቅን። ሌላው አካል ሁለት ዙር ብቻ፣ ያውም ከሩቅ።

ብዙ ሰው ሽፋኑ የሚወፍረው ለጥንካሬ ብቻ ይመስለዋል። ውፍረቱ ዋናው የሚያስፈልገው ለመላጡ ነው። ወፍራም ከሆነ ስትስበው እርስ በርሱ ተያይዞ ይመጣል፤ ሳሳ ካለ ግን ከራሱ ጋር ከመያያዝ ይልቅ ቀለሙን የሙጥኝ ይላል።

ጥቅምት ላይ ተመለሰች። ጭቃዋን አጥበን፣ ጥላ ውስጥ አቁመን፣ ረዳቴ የግራውን የኋላ በር ጠርዝ በጥፍሩ ያዘና ሳበ። የአውራ ጣት የምታህል ቁራጭ ብጥስ አለች። እንደገና ሳበ፣ ጭራሽ ያነሰች። ጥቂት ቆይቶ ጥፍሩ ሥር ጥቁር ፍርፋሪ ሞልቶ ቆመና አየኝ። በሩ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል እንኳ አልለቀቀም። የኋላው ደግሞ የባሰ ነው። ለጀነሬተር የጫኑት የቤንዚን ጀሪካን በመንገድ ሲያፈስ ከርሟል መሰለኝ፣ ቤንዚኑ የወረደበት መስመር ሁሉ ላስቲኩ ሟሙቶ አቧራ ጠጥቶ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ቤንዚን የዚህ ነገር ጠላቱ ነው፣ ማንም ይህን ለሾፌሩ አልነገረውም።

በቀኙ በር ታች ሽፋኑ ጠርዙ ተነስቶ አሸዋና ጭቃ ሥሩ ገብቷል፤ መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ያ አሸዋ ቀለሙን ሲያሽ ሰንብቶ አደብዝዞታል። እዚያ ቦታ ላይ ባይለብስ ይሻል ነበር። ደግነቱ፣ የቅርንጫፍ ጭረት ያረፈበት ሌላው ቦታ ላስቲኩ ራሱ ነው የተጫረው። ግራሩ ጠልቆ የወጋበት ግን በስቶት ቀለሙ ጋ ደርሷል።

ሾፌሩ «ቲነር አምጡና ጥረጉት» አለ። ኧረ ተው! ቲነሩ ላስቲኩን ያነሳል፣ አብሮ ደግሞ የፋብሪካውን ቀለም ያበላሸዋል። ከዚያ ላስቲክ ሳይሆን ሙሉ ቀለም ነው የምንሠራው።

የሚሻለው መፍትሔ አንድ ነው፣ ለሰሚው ግን ግራ ነው፦ የማይላጠውን ለመላጥ በላዩ ላይ ሌላ መርጨት። አዲሱ የድሮውን አለስልሶ ከራሱ ጋር ያጣብቀዋል፣ ሲደርቅ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ያላግጥብኛል ብለው ነበር። «ላውልቅ ብዬ ጨምሬ ልልበስ?» አሉኝ። አዎ። ስፕሬዩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መኪናዋ ቆመች፣ የቆመችበት ኪራይም ቀረባቸው። መጀመሪያ ከተላከላቸው በላይ ጣሳ ፈጀ።

አጥበን፣ አድርቀን፣ ነፋስ አቧራ እንዳያመጣብን በሩን ዘግተን ወፈር አድርገን ረጨን። አሳደርነው። ጠዋት ያው ረዳቴ ያንኑ በር ከጠርዙ ያዘና በዝግታ ሳበ። የበግ ቆዳ ሲገፈፍ እንደሚመጣው፣ በሩ ሙሉ በአንድ ወጣ። ከሥሩ ነጩ ቀለም ፏ ብሎ ታየ። ቤንዚን የነካው መስመር ብቻ በእጅ ብዙ ማሻሸት ጠየቀን፣ ያ አሸዋ ያሸው በር ደግሞ ፖሊሽ ፈለገ።

የቀረው ኮፈኑ ነው። አምስት ዙር የደረሰው እሱ ያለምንም ችግር ይላጥ ነበር፣ ረዳቴም ጠርዙን ይዞ ነበር። ጋሼ እጁን ያዙት። «እሱን ተወው፣ ጥቁሩ አምሮባታል» አሉ።