የአያት መዝገብ የት ይገኛል?

የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ ናት። በቅርቡ የቤተሰብ ሐረግ የሚሠራ ድረ ገጽ አግኝታ ፎርሙን በቴሌግራም ላከችልኝ። «ጋሼ፣ የእማማን ወገን አንተ ሙላልኝ» አለች። ፎርሙ ላይ የቤተሰብ ስም የሚል ሳጥን አለ። የልደት ቀን አለ። የልደት ምስክር ወረቀት ቁጥር ሁሉ አለ።

የቤተሰብ ስም ለኛ ቤት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አሜሪካ ያሉት ሁለት ወንድሞቼ የአንድ እናትና አባት ልጆች ናቸው፤ በወረቀት ግን ዘመድ አይመስሉም። አንዱ ሲሄድ የአባታችንን ስም መጨረሻ ላይ አስገባ፣ ሌላው የአያታችንን። ልጆቻቸውም ያንኑ ይዘው ቀሩ። ወደፊት የሚፈልጋቸው ሰው ይቅናው።

የልደት ወረቀቱ ደግሞ ይብሳል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የክብር መዝገብ እንዲኖር ተጽፎ ነበር፤ መዝገቡ ግን ሳይከፈት ኖረ። ወሳኝ ኩነት በአገር ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው 2008 ማብቂያ ላይ ነው። አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ያኔ በሕይወት የለችም።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በሒሳብ ሥራ ነው። ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ነገር ያውቃል፦ ሰው ያለ ምክንያት አይጽፍም። ገንዘብ ሲከፈል፣ መሬት ሲያከራክር፣ ውርስ ሲካፈል ያኔ ይጽፋል። ስለዚህ አያቴን ፍለጋ ስነሳ ራሴን የጠየቅሁት «በሷ ምክንያት ብር የከፈለ ማነው? በሷ ርስት የተካሰሰው ማነው?» ብዬ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት እድር ጋ ነው። እድር የሚከፍለው እንደ ዝምድናው ነው። አባል ሲሞት ሌላ፣ ልጅ ሲሞት ሌላ፣ አማት ስትሞት ሌላ። ስለዚህ ሟቹ ለአባሉ ምኑ እንደሆነ ሳይጣራ ብር አይወጣም። ጎረቤት ነው የሚያጣራው፤ ጎረቤትን ደግሞ ማታለል ከባድ ነው። የሰፈራችን እድር የዱሮ መዝገብ የተገኘው በቀድሞው ጸሐፊ ቤት፣ አልጋ ሥር ነው። ጸሐፊ ሲቀየር አዲሱ ሰውዬ አዲስ ደብተር ይከፍታል፣ አሮጌው ባለበት ይቀራል። የእድሩን ዳኛ አስፈቅጄ፣ ጸሐፊው ባሉበት ገጽ በገጽ በስልኬ አነሳሁት።

እዚያ ውስጥ ለአባቴ የተከፈለች ትንሽ ብር አለች። ምክንያቱ ላይ «ለባለቤቱ እናት ወንድም» ይላል። እኛ ቤት አያቴ ወንድም ነበራት ሲባል ሰምተን አናውቅም። እትዬን (የእናቴን ታላቅ እህት ማለቴ ነው) ብጠይቃት ዝም ብላ ቆየችና «በአባት ብቻ ነው» አለች። በቃ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ እኔም ያን ቀን አልገፋሁም። መዝገብ ይዞ ሽማግሌ ፊት መቅረብ ባዶ እጅ ከመቅረብ ይለያል፦ «ንገሪኝ» ማለት አንድ ነገር ነው፣ «ይሄ ማነው?» ማለት ሌላ።

ቀበሌ ስሄድ ብዙ አልጠበቅኩም። ቀበሌዎች ከ1967 ወዲህ ስለሆኑ ከዚያ በፊት የነበረውን አያውቁም። ደግሞ ሲዋሐዱ፣ ሲታጠፉ፣ ወረዳ ሲባሉ ፋይሉ ከቤት ቤት ተንከራትቷል። ስሙን የማልጠራው አንድ ጽሕፈት ቤት መጀመሪያ «ተቃጥሏል» አለኝ። በኋላ አንዲት ደግ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ፈልጋ አመጣችው፤ አልተቃጠለም። የቤተሰብ ቅጹ ላይ ማን ከማን ጋር በአንድ ቤት ይኖር እንደነበር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ለዚህ ጥሩ ነው። ዕድሜን ግን አትመኑት። አያቴ በ1968 ቅጽ 60 ዓመቷ ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ በተሞላው 65። የቀበሌ ዕድሜ ዜሮና አምስት ይወዳል።

ታዲያ የልደት ቀኗን ከየት አመጣሁት? ከእትዬ አፍ፣ በትንሽ ሒሳብ። እናቷ ስትነግራት እንዲህ ብላ ነበር፦ «እኔ የተወለድኩት ከሰገሌ በኋላ፣ የኅዳር በሽታ ሳይገባ፣ በዘመነ ማርቆስ ነው። ክርስትና የተነሳሁት ለግንቦት ልደታ።» የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 1909 ነው። የኅዳር በሽታ፣ ያ የጉንፋን ወረርሽኝ፣ 1911። መካከል ላይ ያለው ዓመት 1910 ነው። ዘመኑን ለማረጋገጥ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ትደምራላችሁ፣ ለአራት ታካፍላላችሁ። ቀሪው አንድ ከሆነ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ። 7410 ለአራት ሲካፈል ሁለት ይተርፋል። ማርቆስ! ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ግንቦት 1ን ጨምራችሁ ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ ስትቆጥሩ የካቲት 12 ላይ ትደርሳላችሁ። 12 ደግሞ የሚካኤል ቀን ነው፤ የክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል ነበር። እዚህ ጋ ስደርስ ብዕሬን አስቀምጬ ለብቻዬ ሳቅኩ። (የካቲት 12 በኋላ ምን ቀን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ያን ዕለት ነው፤ ደግነቱ አዲስ አበባ ሳትሆን መንዝ ነበረች።)

የክርስትና ስምን አደራ በደንብ ጠይቁ። ፍትሐት የተደረገው፣ ተዝካር የወጣው፣ ዳዊት የተጻፈለት ሰው ሁሉ በብራና ላይ ያለው በዚያ ስም ነው። የዓለም ስሙን ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ የገዛ አያታችሁን አንብባችሁ ታልፋላችሁ። አንዳንድ ብራና ላይ የባለቤቱ ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም ተጽፎበታል፤ መጽሐፍ ይሸጣል፣ ይወረሳላ። የወንጌል ኅዳግም አለ። በየደብሩ የጉልት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭ፣ የእርቅ ውል ከነምስክሮቹ የሚጻፈው እዚያ ነበር። ዛሬ ለዚህ ሁሉ ገደል መውጣት ላያስፈልግ ይችላል። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የየገዳሙና የየደብሩ መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነስተው ነበር፤ 9,000 ገደማ ይሆናሉ፣ ብዙዎቹም የሸዋና የወሎ ናቸው። ቅጂው ሜኔሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው ሂል ቤተ መዘክርና የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። በኢንተርኔት ተመዝግቦ በነጻ ማየት ይቻላል። ግዕዝ የማታነቡ ከሆነ ዲያቆን ጎረቤት ፈልጉ፤ ምሳ መጋበዝ ግን ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ርስት። የአያቴ አገር መንዝ ላሎ ምድር ነው። በርስት አገር ሰው ዘሩን የሚቆጥረው ለኩራት ብቻ አልነበረም፣ መሬት ለመካፈል ነው። ከአቅኚው አባት እስከ ራሱ ድረስ ሳይደናቀፍ መቁጠር ነበረበት። ርስት በእናትም በአባትም ስለሚወረስ የሴቶቹም ስም አብሮ ይቆጠራል። ፎርም የሚሞላ ሰው ብዙ ጊዜ በእናት ወገን ይጠፋበታል፤ እኛ ግን የቅድመ አያቶቻችንን እናቶች ያገኘነው በዚህ ነው። የካቲት 1967 የገጠር መሬት ሲታወጅ የርስት ክርክር አበቃ፤ ዘር መቁጠርም ጥቅሙ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያደጉት የአክስቴ ልጆች ከአራት በላይ መቁጠር አይችሉም።

የተካሰሰ ቤተሰብ ግን የውሳኔ ግልባጭ አይጥልም። የኛ ሰዎች ከሰነድ ሁሉ በፊት የሚያሸሹት እሱን ነው፤ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይላሉ። የኛው ግልባጭ መሐል ሜዳ ያለ የዘመድ ሳጥን ውስጥ፣ ከግብር ደረሰኞች ጋር በጨርቅ ተጠቅልሎ ተገኘ። ደረሰኝ ላይ ያለውን ስም ስታዩ ተጠንቀቁ። ግብሩ ከሞተ ብዙ ዘመን በሆነው አባት ስም ይከፈል ስለነበር፣ ስሙ ያለው ሰው በዚያ ዓመት በሕይወት ነበር ማለት አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ ላላችሁ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) አለላችሁ። መታወቂያና የድጋፍ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። ከ1933 ጀምሮ የወጣውን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ጠይቁ፤ የመጥሪያና የወራሽነት ማስታወቂያዎቹን አትዝለሉ። ወራሽነት ያወጀ ፍርድ ቤት ፋይል ካለ ደግሞ ምስክሮቹ የተናገሩት ቃል ከማስታወቂያው ይበልጣል። ዱሮ ትምህርት ቤት የገባ ዘመድ ካላችሁ ሮስተር፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ካለ የግል ማህደር። ይኸው ነው።

አሁን የቀረኝ አንድ ጣጣ ነው። የፍርድ ቤቱ ግልባጭ ከአያቴ አባት እስከ አቅኚው ላሎ ዘጠኝ ሰው ይቆጥራል። እትዬ አሥራ አንድ ትቆጥራለች፤ እንደ ዳዊት ነው የምትወርደው፣ አንድ ቦታ ካቋረጥኳት ከመጀመሪያው ትጀምራለች። የጎደሉት ሁለቱ ተከታትለው የመጡ ሴቶች ናቸው። ተከራካሪው ለምን እንደዘለላቸው እገምታለሁ፤ በነሱ በኩል ሌላ ወራሽ ይመጣበታል። እትዬ «ዳኛውን ሸወደው እንጂ እኔን አይሸውደኝም» ትላለች። እኔ ለጊዜው ሁለቱንም ቆጠራ ጎን ለጎን ጽፌ፣ የትኛው ከየት እንደመጣ ከሥሩ አስፍሬ ለልጅቷ ልኬላታለሁ። ድረ ገጹ አንዱን ብቻ ምረጪ ብሏታል አሉ።