ደመወዝ ጾም አያውቅም

መልቀቂያዬን ያስገባሁት ሰኔ 2014 መጀመሪያ ላይ ነው። ደብዳቤው ከሦስት መስመር አይበልጥም። አንድ ባንክ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት ብድር ክፍል ነበርኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስታወቂያ እንዲሰጥ ያዛል። ሰኔን ሠርቼ ጨረስኩ፣ መታወቂያዬን አስረከብኩ፣ ሐምሌ ሲገባ ቤቴ ነበርኩ። ዛሬ ሱሉልታ ላይ እንቁላል ጣይ ዶሮ አረባለሁ።

"እንዴት አደረግሽው?" የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ባንክና ኢንሹራንስ ውስጥ ያሉ እኩዮቼ ናቸው። ስልክ ላይ ተነግሮ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ስለዚህ የሆነውን እንዳለ ልጻፈው።

በመጀመሪያ ስለ ገንዘቡ። የባንክ ሠራተኛን ከወንበሩ ጋር የሚያስረው ደመወዙ ብቻ አይደለም፤ የሠራተኛ ብድሩም ነው። እኛ ኮንዶሚኒየማችንን የገዛነው በሠራተኛ ወለድ ነበር። ስለቅ ብድሩ ወደ ገበያው ወለድ ዞረ፤ ወርሃዊ ክፍያችንም ጨመረ። ከእኔ ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪዬ ደግሞ 11 በመቶ ይገባ የነበረው ጡረታም በዚያው ቆመ። ባለቤቴ መምህር ነው። አንድ እሁድ ከሰዓት ልጆቹን እናቴ ጋ ልከን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን። የእሱ ደመወዝ አስቤዛውንና የልጆቹን ትምህርት ቤት ይሸፍናል። ካጠራቀምነው ላይ የ14 ወር የቤት ክፍያ ለይተን አስቀመጥን። ዶሮ ቤቱ የተሠራው በቀረው ነው። ያን 14 ወር ባንለይ ኖሮ በስምንተኛው ወር ሥራ ፍለጋ እወጣ ነበር።

ዶሮን ለምን መረጥሽ ይሉኛል። ብድር ክፍል ሳለሁ ብዙ የዶሮ እርባታ ፕሮፖዛል አገላብጫለሁ። አንድ ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ እንደምትበላ፣ በ18 እና በ20 ሳምንት መካከል መጣል እንደምትጀምር፣ ከወጪው ሁሉ ትልቁ መኖ እንደሆነ ዶሮ በእጄ ሳልነካ አውቅ ነበር። ኤክሴል ላይ ያላስገባሁት ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሱሉልታ ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ ነው፤ በጎጃም መንገድ። ኪራዩ ከአዲስ አበባ ይሻላል። ብርዱ ግን ሌላ ነው። ከአንድ የአገሬው ሰው ላይ ሰፊ ግቢ ተከራየንና ቆርቆሮ ቤት ሠራን፣ መሬቱ ላይ ሰጋቱራ አነጠፍን። ጥቅምት 2015 መጨረሻ ላይ ከቢሾፍቱ 500 የአንድ ቀን ጫጩት መጣልኝ፤ መቶ መቶ ሆነው በአምስት ካርቶን።

የአንድ ቀን ጫጩት ራሱን ማሞቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ይህንንም አውቅ ነበር። ማሞቂያ አምፖሎች ሰቅዬ፣ ቴርሞሜትር አንጠልጥዬ እዚያው ፍራሽ ዘርግቼ ተኛሁ። በሦስተኛው ሌሊት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። የቀሰቀሰኝ ድምፅ አይደለም፤ ጸጥታው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲንጫጩ የነበሩት ዝም አሉ። በስልኬ ባትሪ ሳበራ ከቤቱ ጥግ አንድ ቢጫ ክምር አየሁ። ሙቀት ፍለጋ አንዱ በአንዱ ላይ እየወጣ ተቆልለዋል። እጄን ከክምሩ ሥር አስገብቼ ማውጣት ጀመርኩ። ከላይ ያሉት ይንቀጠቀጣሉ። ከመሃል ያሉት ሞቀዋል፣ ግን አንገታቸው ተዝለፍልፏል። ከሥር ያሉት ተጠፍጥፈዋል።

ጩኸቴን ሰምተው ጎረቤታችን ነጠላቸውን እንደተከናነቡ መጡ። እማማ ነው የምላቸው። እኔ ኦሮምኛ እምብዛም፣ እሳቸው አማርኛ ጥቂት፤ ያን ሌሊት ግን ብዙ ቃል አላስፈለገንም። ተመልሰው ሄደው ሁለት ማንደጃ ሙሉ የተቀጣጠለ ከሰል አመጡ። ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ አቆዩት፤ አመድ አለበሱት፤ ጫጩቶቹ እንዳይቃጠሉ ዙሪያውን በቆርቆሮ ከለሉት። መስኮቱን በትንሹ ከፈት አደረጉት፤ የከሰል አየር እኛንም እነሱንም ይገድላል። ከዚያ ካርቶኖቹን ቀድደው የቤቱን ጥግ ሁሉ ክብ አደረጉት። ጥግ ከሌለ መቆለያ የለም።

ሲነጋጋ አጠገቤ ቁጭ ብለው ቴርሞሜትሬን አዩና "ልጄ፣ እሱን ተዪው፤ እነሱን እያቸው" አሉኝ። ተበታትነው ከተኙ ተመችቷቸዋል። ከተጠጋጉ በርዷቸዋል። ግድግዳ ጥግ ሄደው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶሮ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው አተኛኘታቸውን ነው።

ሲነጋ የሞቱትን ቆጠርኩ፤ 87። በፌስታል ይዤ ወጥቼ ጉድጓድ ቆፈርኩና ቀበርኳቸው። እናቴ ያን ቀን ደውላ "ልጄ፣ አሁንም አልመሸም፤ ሄደሽ ብትለምኚያቸው ይመልሱሻል" ብላኛለች። አለቀስኩ። ግን 413ቱ ውኃ ይጠብቁ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው የቄብነት ጊዜ ደህና አለፈ። የፈንግል ክትባቱን በዓይን ጠብታና በውኃ፣ ጉምቦሮ የሚባለውን የጫጩት በሽታ ክትባትም በየቀጠሮው ሰጠሁ። ፈንግል ገብቶ መንጋውን በሙሉ የጨረሰበት ሰው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ክትባት አንድም ቀን አላሳለፍኩም።

ትልቁን ስህተቴን ያወቅሁት የመጀመሪያው እንቁላል ሲገኝ ነው። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ነበር። ትንሽ፣ ቡናማ፣ ቅርፊቷ ላይ ጠብታ ደም ያለባት። በሁለት እጄ ይዣት ቤት ገባሁ። ባለቤቴ አየት አደረጋትና "ለፋሲካ እናስቀምጣት" አለ። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ዐቢይ ጾም ከገባ ሦስት ሳምንት አልፎታል።

በዚያ ዓመት ሁዳዴ የገባው የካቲት 13 ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 8። 55 ቀን። እኔም ራሴ እየጾምኩ ነበር! በየቀኑ ሽሮና ምስር እየበላሁ፣ ዶሮዎቼ በጾም መሃል እንቁላል መጣል እንደሚጀምሩ አላሰብኩም። 20 ሳምንቱን ቆጥሬያለሁ፤ የት እንደሚወድቅ ግን አላየሁም። በኋላ፣ ባንክ ሳለሁ ያገላበጥኳቸውን ፕሮፖዛሎች ሁሉ አስታወስኩ። አንዳቸውም ጾምን አላሰፈሩም። የዓመቱን ሽያጭ ለ12 እኩል አካፍለው ያቀርባሉ፤ እኔም እፈርምበት ነበር። 11 ዓመት ሙሉ ደመወዜ በጾምም በፍስክም አንድ ዓይነት ገብቶልኛል። ደመወዝ ጾም አያውቅም። ገበያ ግን ያውቃል፤ ረቡዕንና ዓርብን፣ የነቢያትን፣ ፍልሰታን፣ ሁሉንም።

እንቁላሉ በየቀኑ ይጨምራል። ሱቆቹ "ከፋሲካ በኋላ አምጪ" ይሉኛል። ትሪው 60 ደረሰ፤ 1,800 እንቁላል። ሱሉልታ ብርድ መሆኑ ጠቀመን እንጂ እንዲያ ተደርድሮ አይቆይም ነበር። ያዳነን ረመዳን ነው። መጋቢት 14 ገብቶ ነበር። አንዲት የቀድሞ የባንክ ደንበኛዬ መርካቶ ትሠራለች፤ ደወልኩላት። "ትሪውን ይዘሽ ነይ፣ ለማፍጠሪያ ይፈለጋል" አለችኝ። በማግስቱ ስምንት ትሪ በገመድ አስሬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለራሴና ለእንቁላሉ የሁለት ሰው ከፍዬ፣ ቁልቁለቱን እስከ አዲሱ ገበያ ድረስ ትሪውን አቅፌ ወረድኩ። ከዚያ ሌላ ታክሲ። አራት ብቻ ተሰበረ። እስከ ፋሲካ ዋዜማ ድረስ በሳምንት ሦስቴ እንዲህ ተመላለስኩ። የቅዳም ሹር ዕለት ደግሞ ሱቆቹ ራሳቸው ደወሉ።

ከፋሲካ በኋላ ሌላ ስህተት ሠራሁ። ይህ ከጾሙ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ደስ እያለኝ ነው የሠራሁት። በየቀኑ ወደ 330 እንቁላል እሰበስባለሁ። በየቀኑ ጥሬ ገንዘብና ቴሌብር ይገባል። ገንዘብ በወር አንዴ ማየት የለመደ ሰው በየቀኑ ሲያይ የእሱ ይመስለዋል። ለልጆቹ ጫማ፣ ለቤቱ ምንጣፍ፣ ለእናቴ ቀሚስ ገዛሁ። ሐምሌ ላይ መኖ ላዝዝ ስል ሒሳቤ ውስጥ የሚበቃ አልነበረም። ከወንድሜ ተበደርኩ።

በዚያ ሳምንት አንድ ማታ የዕለቱን ትሪ ወለሉ ላይ ደረደርኩ፤ 11 ትሪ። የመኖውን ዋጋ በእንቁላል መነዘርኩት፤ 7 ትሪ ሆነ። ሰባቱን ወደ አንድ ወገን ገፋሁ። አንዱ የሠራተኛዬ ደመወዝ ነው። አንዱ የኪራይ፣ የመድኃኒትና የመብራት። አንዱ የሚቀጥሉት ጫጩቶች መግዣ። አንድ ትሪ ቀረ። እሱ የኔ ነው። 30 እንቁላል። ቁጭ ብዬ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ባንክ ከማገኘው ግማሽ አይሞላም። ግን ስንት እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል አወቅሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት የባንክ ሒሳብ አለኝ፤ የመኖ፣ የጫጩት እና የኔ። የመኖውን ሒሳብ ካርድ የያዘው ባለቤቴ ነው። እኔ እንድይዘው አልፈለግኩም።

ለማስፋት ብድር መጠየቄ አልቀረም። ነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጥሎ ነበር። ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ "ለጊዜው አይቻልም" ተባልኩ። ያን ቃል እኔም ለስንቱ ብያለሁ። አልተቀየምኩም፤ ግን አሁን ሰው ያን መልስ ይዞ ወደ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ወደ ዕቁብ ነው። ሃያ ሴቶች ነን። ዳኛዋን ለምኜ፣ ዕጣዋ ታኅሣሥ ላይ ከወጣላት ሴት ጋር ተለዋወጥን።

ታኅሣሥን የመረጥኩት አስቤበት ነው። በዚህኛው ዙር መጀመሪያ የከፈትኩት ኤክሴል ሳይሆን የግድግዳውን የበዓላት መቁጠሪያ ነው። የ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር። ከዚያ 20 ሳምንት ወደ ኋላ ቆጠርኩ፤ ታኅሣሥ 7 ላይ አረፈ። 700 ጫጩት አስመጣሁ። ከሰሉ ከነማንደጃው ቀድሞ ተዘጋጅቷል፣ ጥጎቹ ተከበዋል፣ እማማም የመጀመሪያውን ሌሊት ከእኔ ጋር አደሩ። በመጀመሪያው ሳምንት የሞቱብኝ 19 ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ዶሮዎቼ በዚያው ፋሲካ ከ18 ወር በላይ ሆኗቸዋል፤ እንቁላላቸው የሚቀንስበት ዕድሜ ነው። ሌላ ጊዜ ያረጀች ዶሮ ደህና ዋጋ አታወጣም። ለፋሲካ ዋዜማ ግን ዶሮ ወጥ የማይሠራ ቤት የለም። በሦስት ቀን ሁሉም ተሸጡ። አዲሶቹ ሰው በሚፈስክበት ሳምንት መጣል ጀመሩ። ጾሙ ላይ የምመግበው ብዙ፣ የምሸጠው ጥቂት የሚሆንበት ጊዜ በዚህ መንገድ አጠረ። ይህን ዘዴ የሱሉልታና የቢሾፍቱ አርቢዎች ድሮም ያውቁታል። ቀድሜ ብጠይቃቸው ይነግሩኝ ነበር። ባንክ ቤት ጠያቂዋ እኔ ስለነበርኩ መጠየቅን ረስቼው ነበር።

ስለ ዱቤ ትንሽ ልበል። ትልቅ ስም ያለው ደንበኛ ሁሉ ጥሩ ከፋይ አይደለም። አንድ ሆቴል 40 ትሪ ወስዶ የከፈለኝ በአራተኛው ወር ነው። ሰፈር ውስጥ እንቁላል ሳንዱች የምትሸጠው ልጅ ግን ማታ ማታ በቴሌብር ትልካለች፤ አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም። አሁን ለማንም ከሁለት ሳምንት በላይ አላበድርም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣው የመኖ ማጣፈጫና መድኃኒት ዋጋ ሲንር ዱቤ ያበዛ ሁሉ ተጎድቷል።

አሁን ከሺህ በላይ ዶሮ አለኝ። ወር ሲደርስ "ደመወዝ ገባ?" ብዬ ስልኬን ማየት የተውኩት 2016 ማብቂያ ላይ ነው። ከመልቀቂያዬ ሁለት ዓመት አልፎ።

ባለፈው አንዲት የድሮ ባልደረባዬ ደውላ "ልለቅ ነው፣ ምን ትመክሪኛለሽ?" አለችኝ። መጀመሪያ የጠየቅኳት የስንት ወር ወጪ እንዳስቀመጠችና ባለቤቷ የብድሯን ወለድ ጉዳይ ያውቅ እንደሆነ ነው። አያውቅም። ሳትነግሪው ደብዳቤ እንዳትጽፊ አልኳት። ከዚያ የዓመት ፈቃድሽን ያዢና ጫጩት የሚገባበት ሳምንት ላይ ነዪ አልኳት። መጣች። አራት ሌሊት እኔው ፍራሽ ላይ አብራኝ አደረች። ከሰል አቀጣጠለች፣ መጠጫ አጠበች፣ የሞቱትን ለቀመች። በሁለተኛው ሌሊት እኔ እንቅልፍ ጥሎኝ ስነቃ በእጅ ባትሪ እያበራች ጫጩቶቹን ታያለች።

"ተበታትነዋል" አለችኝ በሹክሹክታ። "ተኚ።"

እስካሁን ሥራዋን አልለቀቀችም። ጓሮዋ ውስጥ ግን 50 ቄብ ጀምራለች፤ ለባለቤቷም ነግራዋለች።