ሰባት ወይስ ስምንት? ከደብረ ማርቆስ ለአሜሪካ እንደራሴዎች የላክናቸው ደብዳቤዎች

በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ደወለልኝ። ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ከለላ የሚያበቃው ሰኔ 5 ቀን እንደሆነ፣ በዚያ ያሉ ኢትዮጵያውያንም ከለላው እንዲራዘም እንደራሴዎቻቸውን ሊያነጋግሩ መሆኑን ነገረኝ። ከእኔ የፈለገው፣ በምሥራቅ ጎጃም ያሉ ወላጆች ልጆቻቸው ተገደው ቢመለሱ ምን እንደሚያሰጋቸው በራሳቸው አንደበት የሚናገሩበትን ቃል ተቀብዬ ወደ እንግሊዝኛ እንድመልስለት ነበር። ዕድሜዬን እንግሊዝኛ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና ሥራው የሁለት ሳምንት ጉዳይ መስሎኝ እሺ አልሁ።

በቅድሚያ ስለ ሕጉ የተረዳሁትን ልንገራችሁ፤ ወላጆች ከለላውን ከግሪን ካርድ ጋር ሲያምታቱት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁና። ቲፒኤስ የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ሕግ የቆመ ነው። የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሩ፣ በጦርነት ወይም በተፈጥሮ አደጋ ምክንያት ዜጎቹን በሰላም ሊቀበል የማይችልን አገር ከስድስት እስከ አሥራ ስምንት ወር ለሚደርስ ጊዜ ይሰይማል፤ ከለላውን ያገኘ ሰውም በዚያ ጊዜ ውስጥ አይባረርም፣ መሥራትም ይፈቀድለታል። ሆኖም ከለላው ብቻውን ወደ ቋሚ መኖሪያ አያደርስም። ይህን ክፍተት ይደፍናል የተባለ ረቂቅ እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2021 በተወካዮች ምክር ቤት ቢያልፍም በሴኔቱ ቀርቷል። ስለዚህ የሚሟገቱት ወገኖች አንድ ዓይናቸውን በሕጉ፣ ሌላውን በሚኒስትሩ ብዕር ላይ አድርገው ነው የሚኖሩት። ኢትዮጵያ የተሰየመችው ከታኅሣሥ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሆን፣ ከለላው የተሰጠው ከጥቅምት 10 ቀን 2015 ዓ.ም. አንሥቶ አሜሪካ ውስጥ ለነበሩት ነው። ይህን የጥቅምት ቀን ያዙልኝ፤ እኔ ሳልይዘው ቀርቼ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ሚኒስትሩ ውሳኔውን ጊዜው ከማብቃቱ ቢያንስ 60 ቀን አስቀድሞ እንዲሰጥ ሕጉ ያዝዛል። ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ናቸውና ሒሳቡ ለእኛ ቀላል ነበር፦ ከሰኔ 5 ሁለት ወር ወደኋላ ሲቆጠር ሚያዝያ 5። በዘመን አቆጣጠራችን የተመካሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የአሥራ አንድ ቤተሰብ ቃል ሰበሰብሁ። ሁሉም ሰው፣ የተማረውም ጭምር፣ «የቀበሌ ማኅተም የሌለበት ወረቀት ማን ያየዋል?» ስላለኝ መጀመሪያ የሄድሁት ወደ አንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነበር። ሦስት ቀን ተመላለስሁ። በመጀመሪያው ቀን ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በሁለተኛው ማኅተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ሌላ ሰው ዘንድ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ጸሐፊው «መምህር፣ ደብዳቤውን የምናዘጋጀው እኛው ነን» ብሎ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ወረቀት አወጣልኝ። የመጨረሻው መስመር «አካባቢያችን ሰላም መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። ልጄ ቢመለስብኝ እፈራለሁ ብላ ቃሏን ከሰጠች እናት ደብዳቤ ጋር ይህን አያይዤ ልላክ? መስመሩን ሰርዙልኝ ብል «ፎርሙ ነው» አለኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ልፋቱም ከንቱ ነበር። በአሜሪካ ደብዳቤዎቹን በጥራዝ የምታሰናዳው ጠበቃ ኋላ እንዳስረዳችን፣ ከአሜሪካ ውጭ ያለ ሰው በሐሰት ቢናገር በአሜሪካ ሕግ እንደሚጠየቅ ገልጾ፣ ቀን ጽፎ ከፈረመ መግለጫው ያለ ማኅተም ተቀባይነት አለው። ለትርጉሙም የሚፈለገው፣ ሁለቱን ቋንቋዎች እንደሚችልና ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ እንደሆነ ተርጓሚው በጽሑፍ የሚያረጋግጠው ብቻ ነው። ስለዚህ ቀበሌው የሚላችሁ ምንም ይሁን፣ ለዚህ ጉዳይ ማኅተም ፍለጋ አትንከራተቱ እላለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

አክስቴ የምትኖረው ከሉማሜ ወጣ ብሎ ነው። ማንበብና መጻፍ አትችልም። ቃሏን የተቀበልሁት እሷ እሳቱ አጠገብ ተቀምጣ ቡና ስትቆላ ነበር። ልጇ አሜሪካ መግባቱን መቼ እንደሰማች ስጠይቃት ሳታመነታ «በጥቅምት አቦ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኩ ጮኸ» አለችኝ። ዓመተ ምሕረቱን ጠይቄ ጥቅምት 5 ቀን 2015 ብዬ መዘገብሁ፤ ልክ ነበር። ፊደል ከቆጠሩት የልጁ ወንድሞች መካከል እንኳ እንደ እሷ ጠንቅቆ የነገረኝ አልነበረም። «ሲመጣ በየት መንገድ ይመጣል? የእግሩን ኮቴ ሳስብ ሌሊት እነቃለሁ» ያለችውን ስተረጉም እጄ ተንቀጥቅጧል።

ማታ ደብረ ማርቆስ ተመልሼ አሥራ አንዱንም ደብዳቤ በአንድ ቁጭታ ተረጎምሁ። የአሥሩ ቤተሰቦች ልጆች የገቡት ከየካቲት እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ስለነበር በየዓመተ ምሕረቱ ላይ ስምንት እየደመርሁ ሄድሁ፤ ለእነዚያ ትክክል ነው። የአክስቴ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ደረሰ። እጄ ስምንት መደመር ለምዷልና 2015ን 2023 አደረገው። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ እኔም ለተማሪዎቼ አስተምሬዋለሁ። ጥቅምት 5 ቀን 2015 ማለት ኦክቶበር 15 ቀን 2022 ነው፤ ከለላው ከሚጠይቀው ቀን አምስት ቀን ቀድሞ። በእኔ ወረቀት ላይ ግን ልጁ አሜሪካ የገባው ቀኑ ካለፈ አንድ ዓመት ሊሞላው አምስት ቀን ሲቀረው ሆነ። ባጭሩ፣ እናቱ በማመልከቻው ዋሽቷል ብላ የመሰከረችበት መሰለ።

በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀበት ከ2015 ክረምት ጀምሮ ተቋርጦ ስለነበር፣ ወረቀቶቹን ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ መንገደኛ እጅ አስይዤ የዓባይን በረሃ አሻገርሁ፤ ወደ አሜሪካ የላካቸው እዚያ ያለ ዘመዴ ፎቶ አንሥቶ ነው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የአክስቴ ልጅ ደወለ። ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድም «ጋሼ፣ እማዬ የገባሁት መቼ ነው አለች?» አለኝ። ጠበቃዋ ዓመቱን አይታ ደብዳቤውን ከጥራዙ ለይታ አውጥታው ነበር። በብዕር ሰርዤ ላስተካክል ብል አይሆንም አለች፤ አዲስ ገጽ፣ አዲስ አሻራ ያስፈልጋል። በዚያ ሳምንት ወደ ሉማሜ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ነበር። ሲከፈት ሄጄ አሻራዋን አስደረግሁ፤ ይሁን እንጂ ጥራዙ ከተላከ በኋላ ነበርና አሥሩ ደብዳቤ ገብቶ የእሷ ቀረ።

በሚያዝያ ከለላው ከሰኔ 6 ቀን 2016 እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ለአሥራ ስምንት ወር እንደተራዘመ ተነገረ። ደስ አለኝ፤ ደብዳቤዎቻችን ምን ያህል እንደረዱ ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ እኔም አልመጻደቅበትም። እንደራሴ የሚሰማው መራጩን ነውና ከጎጃም የሄደ ወረቀት ክብደት የሚኖረው በእንደራሴው የምርጫ ወረዳ የሚኖር ሰው በራሱ ደብዳቤ ላይ አባሪ ሲያደርገው ብቻ ነው። በቀጥታ ከዚህ መላክ የፖስታ ገንዘብ ማባከን ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ አባዝቶ ስም ብቻ መቀየርንም አልወደውም፤ አዛውንቶቹ «እንደሚሆን አድርገህ አሳምረው» ቢሉም አታሳምሩት።

በ2017 ሁለተኛውን ዙር ስንጀምር ቀኑን በእኛም በእነሱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፍሁ፤ በአክስቴ ደብዳቤ ላይ ደግሞ የአቦ በዓል ዕለት የሚለውን ጨመርሁ። ቀለሙን አቅርቤ ጣቷን ስጠብቅ እጇን በነጠላዋ ሸሽጋ «መጀመሪያ ቀኑን አንብብልኝ» አለች። አነበብሁላት። «በፈረንጁም» አለች። አነበብሁ። ከዚያ በኋላ ነው አውራ ጣቷን የሰጠችኝ።