ጽጌረዳዬ የተጠረጠረችበት ሳምንት

እኛ ግቢ ውስጥ ሰው ሲታመም ጎረቤት ጠይቆ፣ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ተክል ሲታመም ግን ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

ሸዋ ሮቢት ያለችው አክስቴ ከደጃፏ ጽጌረዳ አንድ ዘንግ ቆርጣ፣ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሥር አስወጥታ ሰጠችኝ። ጫፉ በተቆረጠ ሃይላንድ ይዤ ሚኒባስ ውስጥ ታቅፌያት ተቀመጥኩ። የጣርማበርን ዳገት ስንያያዘው ረዳቱ «የሷንስ ሂሳብ ማን ይከፍላል?» እያለ ተሳፋሪውን ያስቃል። ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስተን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ደብረ ብርሃን ስንገባ እኔ ጋቢ ደረብኩ። እሷ ምን ትደርብ?

የዘይት ጀሪካን ቆርጬ፣ ታቹን በጋለ ምስማር በሳስቼ ተከልኳት። በማግስቱ አማቷ ፊት እንደቀረበች ሙሽራ አንገቷን ደፍታ አገኘኋት። አከራዬ እማማ ገና ሲያዩዋት፣ «ዓይን ነው! በሚኒባስ ስታመጫት ያላየሽ ሰው አለ?» አሉ።

የልጅ ልጃቸው ኮሌጅ ተዘግቶ መጥቶ ስለነበር ስልኩን አወጣ። «ይሄ እኮ ክሎን ነው የሚባለው፤ የእናቷ ግልባጭ ማለት ናት» አለኝና መፈለግ ጀመረ። ችግሩ፣ የሚወጣለት ምክር ሁሉ የካናቢስ፣ የሐሺሹ ተክል ማለት፣ ነው። ለካ በተፈቀደባቸው አገሮች ቤታቸው የሚያበቅሉ ሰዎች፣ የጠወለገች ቁራጭ አጠገብ ቁጭ ብለው ነው የሚያድሩት! ልጁ ደግሞ ድምፁ የቅዳሴ ነው። ግቢው መሃል ቆሞ ያነብልኛል፦ «ካናቢሱን አፈር ውስጥ ካስገባሽው በኋላ ቢጠወልግ አትደንግጪ! ውኃ ውስጥ የወጣ ሥር ስስ ነው፣ ለአፈሩ አዲስ ነው። ቅጠሉ ግን እርጥበት ማትነኑን አያቆምም። ሥሩ ከሚጠጣው በላይ ቅጠሉ ስለሚያወጣ ነው የሚዝለው!»

ምክሩን ለጽጌረዳም ይሠራል ብዬ ወሰድኩት፤ ይሠራልም። አየሩ እርጥብ እንዲሆንላት ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ ደፋሁባት፣ ክዳኑን ብቻ ለመተንፈሻ አላላሁላት። ከቀጥታ ፀሐይ አራቅኋት፤ የእኛ ፀሐይ ብርዱን አምነው ሲቀመጡባት ነው የምትጠብሰው። ማዳበሪያ ክልክል፤ ያልዳነ ሥር ያቃጥላል። ውኃ ደግሞ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከትቼ ደረቅ ሆኖ ሳገኘው ብቻ። ወሩ ኅዳር ስለሆነና ውርጩ ጎመን እንኳ ስለማይምር፣ ማታ ማታ በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ቤት አስገባታለሁ፤ ጠዋት በነጠላዬ ሸፍኜ አወጣታለሁ።

እንግዲህ ከአጥር ማዶ ሆናችሁ እዩት። ካናቢስ የሚል ድምፅ ሰምታችኋል። ላብ ያጠለቀው ፕላስቲክ ውስጥ ጥርስ ጥርስ ያለው ቅጠል ይታያል። አንዲት ሴት ሲመሽ በነጠላ ከልላ የሆነ ነገር ታስገባለች። እኔም ብሆን እጠረጥራለሁ።

የኔ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። ውኃ ሳላጠጣት አፈሩ ጭቃ ነው። ዛሬም ጭቃ፣ ነገም ጭቃ። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ማለት ጀመሩ። ዝናብ የለ፣ ቧንቧው እንኳ በፈረቃ ነው የሚመጣው!

አንድ ቀን ጠዋት ኮሚዩኒቲ ፖሊሱ ከች አለ። ጎልማሳ ነው፣ ረጋ ያለ። «ጥቆማ ደርሶን ነው» ብሎ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ማብቀሉም እንደሚያስቀጣ አስረዳኝ። ግቢው በአንዴ ሞላ። እማማ ጋቢያቸውን እየጎተቱ፣ «የኔ ልጅ፣ እሷ ጨዋ ናት፤ አበባዋ ናት ሱሰኛ የሆነችው» አሉ። ሊረዱኝ ነው እንግዲህ።

ፖሊሱ ሃይላንዱን አነሳው። አየ። ዝቅ ብሎ እሾኋን በጣቱ ነካ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«ይቺ ጽጌረዳ ናት» አለ።

«ናት» አልኩ።

«ታዲያ ማን ነው እንዲህ በውኃ የገደላት?»

አሁን ነው ምርመራው የተጀመረው። በጥፍሩ ልጧን ትንሽ ፋቅ አድርጎ አረንጓዴውን አሳየን፦ «አልሞተችም። ከሥሯ ግን ውኃ ተኝቷል። አየር አጥታለች፤ ለዚህ ነው የተጠማች የምትመስለው። የሚያያት ሁሉ ደግሞ ይጨምርላታል።» ጀሪካኑን ገለበጠው። የበሳሁት ቀዳዳ ሁሉ በቡና አተላ ጥርቅም ብሎ ተደፍኗል።

«የቡናው የማነው?»

ዝምታ። ከዚያ የጀርባ ክፍል ተከራይዋ፣ «ለአፈር ጥሩ ነው ሲባል ሰምቼ ነው» አለች በቀስታ። አንዴ ከተጀመረማ ማን ይቆማል! ባሏ ከሥራ ሲመጣ የእጁን መታጠቢያ እዚያ ነው የሚደፋው። የልጅ ልጅየው ያነበበውን ረስቶ «በጣም ትንሽ» ብሎ ጠዋት ሽንት ቤት ሲወጣ ያጠጣታል። ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤት ሳትቀር፣ «ብጠቁምም አሳዝናኝ የሩዝ እጣቢ ሰጥቻታለሁ» ብላ ራሷን አጋለጠች። ጠቋሚዋ እንዲህ ታወቀች።

ፖሊሱ ቀዳዳውን በስለት ከፍቶ፣ ከሥር ጠጠር አስገብቶ፣ ቢጫዎቹን ቅጠሎች ቀነጠሰና መልሶ ተከላት። ሃይላንዱን በአንዴ እንዳላነሳ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያስለመድኩ እንድገልጣት ነገረኝ። ከዚያ ኮፍያውን አስተካክሎ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ከዛሬ ጀምሮ ከባለቤቷ በቀር ውኃ ያጠጣ ሰው ቢኖር እኔ ራሴ እመጣለሁ። ተግባብተናል?»

ሁሉም ተግባባ። እማማ ብቻ ፊታቸውን አልፈቱም።

«እማማ፣ እርስዎም አጠጥተዋል እንዴ?»

«እኔ? ውኃ? በፍጹም!» አሉ አማትበው። «እኔ ጠዋት ጠዋት ጠበል ነው የማጠጣት። ጠበል ደግሞ ውኃ አይባልም፤ እሱንም ከከለከልከኝ ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተነጋገር።»